ለፈርሂያ የሚሆን ቡችላ

መካነ ሰላም
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ብርዱ ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያመኛል፣ ሌላው ደህና ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሎቹ ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብሉ የእጄ ነገር ነውና ታመመች ብለሽ አትደንግጪ። ድሮ ደብዳቤ ሳስጽፍ በጸሐፊው ፊት የማልለው ነገር ብዙ ነበር። “ሁሉም ደህና ነው በል” እለዋለሁ፣ እሱም እንደዚያው ይጽፋል፣ አንቺም አምነሽ ትቀመጫለሽ። ዕድሜ ለጎልማሶች ትምህርት፣ ዛሬ ደህና ያልሆነውንም መጻፍ ችያለሁ።

ስልኩ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ይከፈታል ይላሉ፣ አይከፈትም። የአክስትሽ ልጅ አስናቀው መንገዱ ካልተዘጋበት ነገ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ጭነት ይዞ ይወጣል። ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ይህን ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አታንብብ ብዬዋለሁ። አስናቀው፣ እያነበብክ ከሆነ እዚህ ላይ አቁምና እፈር።

በመጨረሻው ስልክሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው። ልላካት ወይስ ትቆይ? ኡምኩልሱም በታኅሣሥ ወር ከቤሩት ወደ አገር ትገባለች፣ ልጅሽንም ይዛልሽ ለመምጣት ተስማምታለች፣ እሷ ካለፈች ሌላ የሚያመጣት ሰው የለም። ማዳምሽ ፈረንሳይ ወዳሉት ልጆቿ ልትሄድ ነው፣ አዲሶቹ አሠሪዎችሽ ደግሞ ልጅ ይዘሽ አይቀበሉሽም። አልረሳሁም። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ መልሴን እየጠበቅሽ እንቅልፍ እንደሌለሽም አውቃለሁ። መልሱን ግን መጀመሪያ ላይ አልጽፈውም። እሱን አይተሽ የቀረውን ሳታነቢ ትተዪዋለሽ። እኔ ነኝ የወለድኩሽ።

ነገሩን በክረምቱ መግቢያ መጀመሪያ ስታነሺው፣ ውሻ ግዢ ስትይኝ ስቄ ነበር። በእኛ አገር ውሻ ከጎረቤት ይሰጣል እንጂ ተገዝቶ ያውቃል? አንቺ ግን አልሳቅሽም። “እማዬ፣ ፈርሂያ ያደገችው ከማዳም ውሻ ጋር ነው” አልሽኝ። “ሰው ሲመጣ ከኋላዬ ትደበቃለች፣ ውሻ ስታይ ግን ሮጣ አንገቱን ታቅፋለች። የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ቋንቋ፣ የማታውቅሽ አንቺ ናችሁ የምትጠብቋት። እንኳን አንድ የምታውቀው ነገር ይጠብቃት።” የማታውቅሽ አንቺ ያልሽው እስካሁን አልወጣልኝም። ማን ነው የማታውቀኝ ያደረገኝ? ይሁን ብዬ ግን በሰኔ ወር ወደ ምንይችል ቤት ሄድኩ።

ምንይችልን ታስታውሺው ይሆናል፣ በወግዲ መውጫ ያለው፣ ዓረብ አገር ውሻ የሚያረባ ሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ የተመለሰው ነው። ሌላው ተመላሽ ሱቅ ሲከፍት፣ ባጃጅ ሲገዛ፣ እሱ የውሻ እርባታ ከፈተ። መንደሩ “የውሻ ባላባት” ይለዋል። እሱ ግድ የለውም። በየመሃሉ በዓረብኛ “ያላ” እና “ኻላስ” እያለ ያወራል፣ ልብሱ ውሻ ውሻ ይሸታል፣ እንደ ሐኪምም ይኮራል።

ቡችላውን አሳየኝ ብለው እናቲቱን አሳየኝ። “ልጁን ከመውሰድዎ በፊት እናቱን ይዩ። እናቱ ሰው የምትፈራ ከሆነች እሱም ይፈራል” አለ። ውሻይቱ መጥታ እጄን አሸተተችና ተመልሳ ተኛች። ቡችሎቹ የሚያድጉት እሱ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ሬዲዮው ይጮሃል፣ የእህቱ ልጆች መሃላቸው ይንከባለላሉ፣ እሱ ራሱ የድስት ክዳን እያነሳ መሬት ላይ ይጥላል። ምን ሆነሃል ብለው፣ ድምፅ እንዳይፈሩ ነው አለኝ። ያመመው መሰለኝ።

ከዚያ እኔን መጠየቅ ጀመረ። ቤት ውስጥ ማን አለ? ሕፃን አለ? ታስሮ ነው የሚውለው? ሽማግሌ ልኬ ልጁን ለትዳር የጠየቅኩ እንጂ ውሻ ልገዛ የመጣሁ አልመሰለኝም።

“ቤትዎ ማን ማን ይመጣል?” አለ።

“ማንም አይመጣም።”

“ለምን?”

“ውሻ ነው የምትሸጠው ወይስ ንስሐ ነው የምታስገባው?” አልኩት።

ሳቀና ተወኝ። ቡችላውን ሲሰጠኝ ግን ትእዛዙን አበዛው። አራት ወር ሳይሞላው ያየውን ሁሉ ወዳጁ ያደርጋል፣ ያላየውን ሁሉ ሲፈራ ይኖራል አለኝ። ጥምጣም ይይ፣ ጥላ ይይ፣ ምርኩዝ ይይ፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ይይ፣ ባጃጅ ይስማ፣ ከሁሉ በላይ ሕፃን ይልመድ። ሰው ቤት ይውሰዱት፣ ሰው ቤትዎ ይጥሩለት። እሺ እሺ እያልኩ ይዤው መጣሁ።

በልቤ ግን ውሻ ማሳደግ ከምንይችል ነው እንዴ የምማረው አልኩ። አባቴ ቤት ውሻ ሞልቶ ነበር። ጥሩ ውሻ የሚሆነው ከልጅነቱ ጨለማ ውስጥ ታስሮ፣ ከሚያበላው ሰው በቀር ማንንም ሳያይ ሲያድግ ነው። ሰው የለመደ ውሻ ሌባ ቢመጣም ጅራቱን ይቆላል። እዚህ ሁላችንም የምናውቀው ይህንን ነው። ጊዜውንም አንቺ ከሩቅ አታይውም፤ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ አጥር ሥር ያልፋል። እኔ ብቻዬን ያለሁ ሴት ነኝ። ልጅሽ ስትመጣ ሁለት ብቸኞች እንሆናለን እንጂ ብዙ አንሆንም። ስለዚህ ቡችላውን ፍየሎቹ የነበሩበት ጋጣ ውስጥ አስገባሁና በሩን ዘጋሁት። ክረምቱን እዚያ አሳለፈ። አንቺ ስትደውዪ “እንዳልሽው እያሳደግኩት ነው” እልሽ ነበር። ማሳደጉንስ እያሳደግኩት ነበር።

ስሙንም ምናገባችሁ አልኩት። ለማን ጆሮ ብዬ እንዳወጣሁት ሳልነግርሽ ታውቂያለሽ። አልታዬ ከጎናችን ካለው አጥሯ ሆና እንድትሰማው ነው። አንቺና ልጅሽ የተነሳችሁትን የመጀመሪያውን ፎቶ ይዤ እድር ድንኳን የገባሁ ቀን፣ ያቺ ሴት ፎቶውን ገለባብጣ አየችና “ከቤሩት ሻንጣ ይመጣል ሲባል እንጂ ልጅ ይመጣል ሲባል አልሰማሁም” አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። የልጅቷ ስም ፈርሂያ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ “ክርስትናዋን ማን ያነሳታል፣ መሐሙድ?” አለችና እንደገና አሳቀቻቸው። ሰሃኔን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እድሩን በሩቅ ነው የማዋጣው፣ በሬም በቀን ተከፍቶ አያውቅም። ስለ ልጅሽም ለማንም ምንም ተናግሬ አላውቅም።

ሲመሽ ጋጣው በር ላይ ቆሜ ውሻዬን “ምናገባችሁ! ምናገባችሁ!” እያልኩ ስጣራ አልታዬ ትሰማለች። ሳምንት ሳይሞላ የእሷን ውሻ ስም ለወጠችው። “ሰምተናል” አለችው። እኔ ከዚህ ስጣራ እሷ ከዚያ “ሰምተናል! ና ሰምተናል!” ትላለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፣ እሷም የሳቀች አይመስለኝም። ውሾቹ ግን ምን አጠፉ?

አሁን የምነግርሽ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ነው።

በሬን አንኳኩታ የምትገባ አንዲት ሰው ሀሊማ ብቻ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ጥቅምት እንደገባ ትንሽ ጎመን ቆርጣ፣ ፀሐዩን በጥላ ተከልላ መጣች። እኔ ጋጣውን ልጠርግ ውሻውን ፈትቼው ነበር። ድምፅ አላሰማም። የሚያስፈራው ይህ ነው፣ የኔአለም፣ አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ጥላው ሲዘጋ ብቻ ከግድግዳው ተወርውሮ ክንዷ ላይ ተጠመጠመ። በዱላ እየመታሁት አልለቅ አለ። እየነከሰ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ውሻ ሲንቀጠቀጥ ያኔ አየሁ።

ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጠብንላት፣ ጤና ጣቢያም ሄደን አስታከምናት። ምንይችል ውሻውን አስከትቦት ስለነበር የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል አላሉንም። ሀሊማ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ስንመለስ በሬ ላይ ቆማ የታሰረ ክንዷን ይዛ፣

“አልሃምዱሊላህ፣ እኔን ሆነ” አለች። “ያቺ ሕፃን ብትሆን ኖሮ እጇን ዘርግታ ነበር የምትሄድለት።”

“የቷ ሕፃን?” አልኳት።

“ተይ እናኑ” አለችኝ።

ኡምኩልሱም የሀሊማ የእህት ልጅ ናት፣ ያን ረስቼው ነበር። ልጅሽ እንደምትመጣ፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ፣ ውሻ ስታይ እንደምትሮጥ ሳይቀር መንደሩ ሁሉ እኔ ሳልነግረው ሰምቶታል። እኔ በሬን ዘግቼ የምጠብቀው ምስጢር ገበያ ውሎ ገብቷል። ማንም አንስቶብኝ የማያውቀው እኔን ፈርቶ እንደሆነ ሀሊማ ነገረችኝና ሄደች።

ምንይችልን አስጠራሁት። ጋጣው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። አልገባም፣ አልተጣራም፣ ውሻውን ብቻ ያያል። ውሻው ጥጉ ላይ ተለጥፎ ከሥሩ ይሸናል።

“ክፉ ነው?” አልኩት።

“ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው” አለ። “ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ፈሪ መቼ እንደሚነክስ ራሱም አያውቅም። እማማ እናኑ፣ ይህን ውሻ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ያሳደጉት?”

አንተ ነህ የሸጥክልኝ፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጠህ ደግሞ ልትቆጣኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። መልሶ አልጮኸብኝም። ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈና፣ “ያየው ሰው እርስዎን ብቻ ነው። እርስዎን ነው የመሰለው” አለኝ።

እንዲህ ያለ ባለጌ ነው። ልጅሽ ከመጣች በዚህ ግቢ አንድ ቀን አብረው እንዳያድሩ አለኝ። ይህ ሕፃን የሚያቅፈው ውሻ መቼም አይሆንም፣ ጊዜው አልፎበታል አለ። ራሱ ላይ ጆንያ አልብሶ ወሰደው፣ ሰው የማይደርስበት ገደል አፋፍ ላይ ንብ ለሚያረባ ዘመዱ ሰጠው። ሲወስደው አንዴ ጮኸ። ከሰኔ ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ቢሆን ደብዳቤዬ አጭር ነበር። አትላኪያት ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ወረቀቱንም አውጥቼ ነበር። ከዚያ አዲሶቹ አሠሪዎችሽ ምን እንደሚሉሽ አሰብኩ፣ ልጅቷን ለማን እንደምትሰጫት አሰብኩ፣ ወረቀቱን አጥፌ ምንይችል ቤት ሄድኩ።

ሌላ ቡችላ ስጠኝ ስለው አልሰጥም አለ። ደጋግሜ ሄድኩ። ሌላይቱ ውሻው ወልዳ ነበርና ቡችሎቹ አጠገብ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እሱ እንዳላየ ያልፈኛል። በኋላ፣

“ለምንድነው የፈለጉት? ለጥበቃ ከሆነ ለአጥርዎ ቆርቆሮ ይግዙ” አለኝ።

“ለሕፃን ነው።”

“ለማን ሕፃን?”

“ለሰው” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ግን ኅዳር ሲገባ አንዲት ቡናማ፣ የፊት እግሯ ነጭ የሆነ ሴት ቡችላ መርጦ ሰጠኝ። በርዎ በቀን ክፍት ይዋል፣ ቡችላዋ ሰው ሳታይ አትዋል፣ እኔ በየእሑዱ እመጣለሁ አለ። እርስዎን አልጠይቅም፣ የምጠይቀው እሷን ነው አለ።

እንግዲህ ሳቂብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በሬን ዘግቼ የኖርኩ ሴት ቡችላ በነጠላ ታቅፌ መንደር ለመንደር መዞር ጀመርኩ። “እናኑ በስተርጅና ወለደች” አሉኝ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር “አባቱ ማነው?” ብሎ ጠየቀኝ፣ አንተን ነው የሚመስለው አልኩት፣ ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር ጡሩምባውን ቀስ አድርጎ ይነፋላታል። ቄሰ ገበዙን መንገድ ላይ አስቁሜ ጥላቸውን እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ለመንኳቸው። ምን ሆነሽ ነው አሉ፣ ግን አደረጉልኝ። ውኃ ከሚቀዱት ሴቶች አጠገብ ተቀመጥኩ። ሀሊማም ክንዷ ሳይሽር ጓንት አድርጋ አበላቻት፣ ከዚያ ጓንቱን ጣለችና በእጇ አበላቻት። ቡችላዋን አመስጋኝ ናት አለች። እኔን አላለችኝም።

ባለፈው እሑድ ምንይችል መጣ። ቡችላዋን ይዤ በግቢው እንድዞር አዘዘኝና ከኋላዬ ተከተለ። በምዕራቡ አጥር በኩል ስንደርስ አስቆመኝ።

“በዚህ በኩል ማን ነው ያለው?” አለ።

“ማንም።”

“ማንም ከሌለ ለምን ትደነድናለች?”

እውነቱን ነው፣ በእጄ ላይ እንጨት ሆናለች፣ ጆሮዋን አጣብቃ አጥሩን ታያለች። ከዚያ በኩል አንድ ቀን እንኳን ክፉ አልደረሰባትም። ምንይችል ክንዴን በጣቱ ነካ አደረገው። የምትሰማው ከዚህ ነው አለኝ። እርስዎ እዚህ ሲደርሱ ያጠብቋታል፣ እሷም ጠላት እዚያ አለ ብላ ትይዛለች። ለልጅቷም እንደዚሁ ነው የሚሆነው አለና ሄደ። የቷ ልጅ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከአልታዬ አጥር ባሻገር ያሉት ልጆች የልጅ ልጆቿ ናቸው። በዚህ ሰፈር ሌላ ሕፃን የለም። ልጅሽ ከመጣች ወይ ከእነሱ ጋር ትጫወታለች ወይ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ከእኔ ጋር የተቀመጠ ምን እንደሚሆን አይተናል።

ማክሰኞ ዕለት ሄድኩ። አልታዬ ግቢዋ ውስጥ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ባቄላ ትለቅማለች። ልጆቹ አመዱ ላይ ይንደባለላሉ። ሰምተናል በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ቡችላዋ ነጠላዬ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ቆሜ ጤና ይስጥልኝ አልኩ። ቀና ብላ እንኳን ሳታይ፣

“ደግሞ ይቺ ማን ተብላ ነው የምትጠራው?” አለች። “ንገሪኝና የእኔንም ስም ላዘጋጅ።”

“ስም የላትም።”

“አንቺ ቤት? ስም የሌለው ውሻ?”

“ፈርሂያ ናት የምታወጣላት” አልኩ።

ያኔ መልቀሟን አቆመች።

“ፈርሂያ ማናት?”

ታውቃለች እኮ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከአፌ ልትሰማው ነው የፈለገችው። የመጣልኝን ስድብ ሁሉ ብጽፈው አስናቀው የሚያነሳው ፎቶ አይበቃውም። ክንዴ ሲጠነክር ተሰማኝ፣ ቡችላዋም አብራኝ ስትደነድን ተሰማኝ። ፊቴን ቀና ብላ እያየች ነበር። ክንዴን ላላ አደረግኩት። እንዲህ ቀላል አይምሰልሽ፣ የውኃ እንስራ ከማውረድ ይከብዳል።

“የየኔአለም ልጅ ናት” አልኩ። “የልጅ ልጄ ናት። ለገና ትመጣለች።”

አልታዬ ጥቂት ባቄላ ለቀመች።

“አስቀምጪያት” አለች።

ቡችላዋን መሬት አወረድኳት። መጀመሪያ እግሬ ሥር ተወሸቀች፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ አንድ ሁለት ራመድ አለችና መለስ አለች፣ ከዚያ ትንሿ ልጅ አመዱ ላይ በሆዷ ስትተኛላት ሄደች። አልታዬ ውሻዋን ዝም በል ብላ ገሰጸችው። ስሙን ግን አልጠራችውም። እኔ ፊት አልጠራችውም።

“አማርኛ ትችላለች?” አለች፣ ስለ ልጅሽ ነው።

“ጥቂት ጥቂት።”

“እነዚህም የሚችሉት ጥቂት ነው። ስድብ ላይ ነው የሚበረቱት።”

ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና ሰፌዱን ይዛ ወደ ቤት ገባች። በሩ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ “ትምጣ” አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ይቅር አላልኳትም። ያ የድንኳኑ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቡችላዋ ግን እስኪመሽ እዚያ ዋለች፣ እኔም በሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። በአጥሩ ቀዳዳ ሁለቱ ትንንሾቹ ልጆች ራሳቸው አሳልፈው ሰጡኝ። ትላንትናም ዛሬም ከነጋ ጀምሮ አጥሩን እያንኳኩ “ውሻችንን ስጪን” ይላሉ። ውሻችን ማለታቸውን አልወደድኩትም፣ ግን ሰጠኋቸው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ላኪያት።

መንደሩ መልአክ ሆኗል ብዬ አልጽፍልሽም። አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ይላታል። አባትሽ የት አለ ይሏታል፣ ስምሽ ለምን እንዲህ ሆነ ይሏታል። ያን ቀን ግን በር ዘግቼ ውስጥ አልሆንም፣ እዚያው ከጎኗ ነው የምቆመው። ከመነሳቷ በፊት ሁለት ነገር አስተምሪያት። አንደኛ፣ የአልታዬ ውሻ በሰንሰለት የታሰረ ነውና ወደ እሱ እንዳትሮጥ፤ የፈርሂያ ውሻ ቡናማዋ፣ እግሯ ነጭ የሆነችው ናት። ሁለተኛ፣ ለቡችላዋ ስም አስባ ትምጣ። በዓረብኛ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ብቻ መልካም ስም ይሁን፣ ሰው የሚሰድቡበት አይሁን። ይህን አደራ።

ብርድ ልብስ አትላኪ፣ አለ። የሚሞቅ ሹራብና ካልሲ አልብሺያት፣ መካነ ሰላም ቤሩት አይደለም። የምትወደውን ምግብ ስም በአማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። የምታለቅስበትንም ነገር ጻፊልኝ። ስታለቅስ ምን ትያት እንደነበር ጻፊልኝ፣ ያንኑ እላታለሁ።

ለልጅቷ አልጋ አሠርቻለሁ። አናጺው ሰፊ አድርጎ ሠራው። ለሕፃን ጠባቡ ይበቃ ነበር፣ እሱ ግን የጠየቅኩት ሰፊ መስሎታል፣ እኔም ዝም አልኩት። ሁለት ሰው ያስተኛል። እንዲሁ እንድታውቂው ነው።

የሄድሽበት መንገድ ለመመለሻሽም አይጥበብ። ልጅሽ የምትረግጠው መሬት ይልዘብላት። የእጅሽን ፍሬ ሌላ አይብላብሽ። ለማዳምሽም ጤና ይስጣት፣ ልጅሽን ከውሻዋ ጋር ስላሳደገችልሽ፣ እኔ ግን በዚያም ቀንቼባታለሁ።

በሩ ክፍት ነው፣ ብርዱ እየገባ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

እናትሽ
እናኑ